የኪማን አማርኛ ኪቦርድ፦ አራት ነጥቡን ያስተካክላል፣ ፊደሉን ግን አይመርጥም

የአማርኛ ጽሑፍ ላይ ዓይን የሚወጋ ስሕተት ሞልቷል፤ በብዛት ግን አራት ነጥብን የሚያክል የለም። ግማሹ ሰው ሁለት የእንግሊዝኛ ኮሎን (::) ይደረድራል፤ ሌላው ሁለት ነጥብን ሁለቴ (፡፡) ይገጥማል። የኋለኛው ይብሳል፤ ምክንያቱም ለዓይን ትክክል ይመስላል። ኮምፒውተሩ የሚያየው ግን ሁለት የቃል መለያ ነው። ሰነዱ ውስጥ ። ብለው ቢፈልጉ አያገኘውም፤ ጽሑፍን በዓረፍተ ነገር የሚከፍሉ ፕሮግራሞችም አንቀጹን በሙሉ አንድ ዓረፍተ ነገር አድርገው ሊወስዱት ይችላሉ።

ኪማን በተባለው የመጻፊያ ፕሮግራም ላይ የሚጫነው የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን የአማርኛ ኪቦርድ ይህን ከሥሩ ይነቅለዋል። የኮሎኑ ቁልፍ አንዴ ሲመታ ፡ ይወጣል፤ ሲደገም ያው ምልክት ወደ አንድ ። ይለወጣል። ኮማው ፣ ይሰጣል፣ ሴሚኮሎኑ ፤። ከኮሎን ቀጥሎ ሰረዝ ሲመታ ደግሞ ፦ ይመጣል። ለዊንዶውስም ለማክም ለአንድሮይድም አለ፤ ክፍያ የለውም።

ፊደሉ የሚጻፈው በላቲን ድምፅ ነው፤ ጣጣውም እዚህ ይጀምራል። የቲ ቁልፍ ት ነው፣ ከሺፍት ጋር ጥ። ኃምሱን (እንደ ዴ ያለውን አምስተኛ ድምፅ) ለማውጣትም ሺፍት ይዞ የኢ (E) ቁልፍ ይመታል። ጣት ሺፍቱን ከሳተ «እንዴት» «እንደት» ይሆናል፤ «ጠፋ» ደግሞ «ተፋ»። ሁለተኛው ራሱን የቻለ ቃል ስለሆነ አራሚው ሰውም በቀላሉ ያልፈዋል።

ሞክሼዎቹ (ድምፃቸው አንድ የሆነ ፊደላት) ሁሉም አሉ፤ ግን ተጨማሪ ምት ይጠይቃሉ። ሥ የኤስ ቁልፍ ሁለቴ ሲመታ ነው የሚወጣው፣ ሕ በሺፍት ኤች። የቸኮለ ሰው «ስራ»፣ «ንጉስ»፣ «ህግ» ብሎ ያልፋል። «ሠላም» የሚጽፈው ግን በምን እንደሚያመካኝ እንጃ፤ ለስሕተቱ ትርፍ ምት እየከፈለ ነው! ኮምፒውተር ላይ የፊደል አራሚ አብሮ አይመጣም፤ ሥርወ ቃሉን የማያውቅ ሰው መዝገበ ቃላት አጠገቡ ያኑር።

በ፣ እና በ፤ መካከል መምረጥም የጸሐፊው ፋንታ ነው፦ ለዝርዝር ነጠላ ሰረዝ፣ በራሳቸው የተሟሉ ሐሳቦችን ለማያያዝ ድርብ ሰረዝ። «የ ሚሸጥ ቤት» እያሉ መነሻ ቅጥያን ከቃሉ መነጠልንም ይህ ኪቦርድ አይከለክልም።

የቆየ ሰነድ ለማጽዳት የዎርድን የመፈለጊያና መተኪያ ሳጥን ይክፈቱ። መጀመሪያ :: በ። ይተኩ። ሳጥኑ ውስጥ :: ሲጽፉ ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ ይመልሱት፤ አለበለዚያ የሚፈልጉት ስሕተት እዚያው ታርሞ ። ይሆንብዎታል። ቀጥሎ ፡፡ በ። ይተኩ፤ ይህን ኪቦርዱ ስለማያስጽፍዎት ከሰነዱ ላይ ገልብጠው ይለጥፉት። በመጨረሻ ክፍት ቦታ የቀደመውን ። ፈልገው ክፍት ቦታውን ያጥፉ፤ መስመር መጀመሪያ ላይ ብቻውን ወርዶ የሚታየው አራት ነጥብ የሚመጣው ከዚያ ነው። በዩኒኮድ (በዓለም አቀፉ የፊደላት ኮድ) ያልተጻፈ የድሮ ፋይል ግን አስቀድሞ ወደ ዩኒኮድ በሚለውጥ መቀየሪያ ማለፍ አለበት፤ ፊደሉ ከውስጥ የላቲን ኮድ ስለሆነ መተካቱ አይሠራም።

ኮምፒውተር ላይ ብዙ ለሚጽፍ ሰው ከዚህ የተሻለ ነጻ አማራጭ አላየንም። ስልክ ላይ ግን ሺፍቱ ያደክማል፤ ለአጭር መልእክት ፊደሉን በገበታ ደርድሮ የሚያሳይ ኪቦርድ ይሻላል፣ ። በግልጽ የተቀመጠበት እስከሆነ ድረስ።