ጽጌረዳዎቼን ያተረፉልኝ የሀዋሳው አትክልተኛ

ሰላም የሀዋሳ ሰዎች። ይህን ልጽፍ ካሰብኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ትናንት ጋሼ ድጋሚ መጥተው ጽጌረዳዎቼን ለክረምቱ አዘጋጅተውልኝ ሲሄዱ፣ ከዚህ በላይ ዝም ማለት ነውር ነው ብዬ ተቀመጥኩ። ግቢያችሁ ውስጥ ጽጌረዳ ያላችሁ፣ ዝናቡ ሳይጠና አንብቡልኝ።

ቤታችን ታቦር ተራራ ግርጌ ነው። 11 ግንድ ጽጌረዳ ነበረን። አብዛኞቹን የተከለቻቸው እናቴ ናት፣ ነፍሷን ይማርና። ካቻምና ክረምት 3ቱ ሞቱብኝ። የቀሩትም ነሐሴ ላይ ቅጠላቸውን አራግፈው እንጨት ብቻ ሆነው ቆሙ። እናቴ በነበረችበት ጊዜ እንቁጣጣሽ ሲደርስ ቄጤማው ይጎዘጎዛል፣ ከአደይ አበባው ጎን የራሷ ቀይ ጽጌረዳ ይቀመጣል። በዚያ ዓመት ግን ከግቢው አንዲት አበባ አላገኘሁም። በጣም ነው ያዘንኩት።

ተንከባክቤያቸው እንደነበር እግዚአብሔር ያውቃል። ካናዳ ያለችው እህቴ ጽጌረዳን ለክረምት እንዴት ማዘጋጀት እንዳለብኝ የሚያሳይ ቪዲዮ ልካልኝ ነበር። ሰውየው ግንዱ ሥር እስከ 30 ሳንቲ ሜትር አፈር ይከምራል፣ ከላይ በቅጠል ይሸፍናል። እኔም ሰኔ ላይ ልክ እንደዚያው አደረግኩ። ችግኝ ከሚሸጥ አንድ ቦታ ጠይቄ ደግሞ ዩሪያ ጨምሪበት ተባልኩ፣ ጨመርኩ። ማታ ማታም ከሥራ ስገባ ዝናብ ባልዘነበበት ቀን ከላይ በጎማ አጠጣቸዋለሁ።

ጋሼን ያገኘኋቸው አምና ግንቦት ላይ በጎረቤቴ በኩል ነው። መጡ፣ ምንም ሳይናገሩ ግቢውን አንዴ ዞሩት። ከዚያ አንዱ ግንድ ጋ ቁጢጥ አሉና የከመርኩትን አፈር በጣታቸው ገለጥ ገለጥ አደረጉ። ከሥሩ ያለው ልጥ ጠቁሮ እርጥብ ካርቶን መስሏል፣ ሲነኩት ይላላጣል። «ልጄ፣ ይሄን ማን አስተማረሽ?» አሉኝ። ስለ ቪዲዮው ነገርኳቸው። ያሉኝን መቼም አልረሳውም። «የእነሱ ክረምት በረዶ ነው። አፈሩ ብርድ ልብስ ነው ለእነሱ። የእኛ ክረምት ውሃ ነው፤ አንቺ እርጥብ ልብስ አልብሰሽ ነው ያሳደርሻቸው።»

እውነታቸውን ነው። እዚያ አገር አፈር የሚከመረው የጽጌረዳው መጋጠሚያ፣ ማለትም ቅርንጫፉ ከሌላ ሥር ጋር የተቆራኘበት ቦታ፣ በበረዶ እንዳይሞት ነው። ሀዋሳ እንዲህ ያለ ብርድ የለም። እዚህ ጽጌረዳን የሚገድለው ሥሩ ውሃ ውስጥ ተዘፍቆ አየር ማጣቱና ቅጠሉ ሳይደርቅ መዋሉ ማደሩ ነው።

ከዚያ አንድ ቅጠል ቀጥፈው አሳዩኝ። ጥቁር ነጠብጣብ አለበት፣ ጠርዙ እንደ ላባ የተበታተነ፣ ዙሪያው ቢጫ። እኔ እርጅና ይመስለኝ ነበር። ሻጋታ ነው። ቅጠሉ ለሰዓታት እርጥብ ሆኖ ሲቆይ ይይዘዋል፣ በወደቀው ቅጠል ላይ ይከርማል፣ ከዚያ የዝናቡ ጠብታ መሬቱን ሲመታው ተፈናጥሮ ወደ ታችኛው ቅጠል ይወጣል። ማታ ከላይ ማጠጣቴ በሽታውን መጋበዝ ነበር ማለት ነው። አሁን ጠዋት፣ እሱም ከሥሩ ብቻ ነው የማጠጣው።

የሠሩት ሥራ ግማሽ ቀን ፈጀ። የከመርኩትን አፈር በሙሉ አነሱ። ከመንገዱ የሚገባው ጎርፍ በጽጌረዳዎቹ ጎን እንዲያልፍ ቦይ ቀደዱ። የወደቀውን ቅጠል አንድ ሳያስቀሩ ለቅመው አስቃጠሉኝ፣ ኮምፖስቱ ውስጥ እንዳትጨምሪው ብለው አስጠነቀቁኝ። ግረዛው ላይ ደግሞ ትዕግሥታቸው ይገርማል። ከአንዱ ግንድ ወደ ሌላው በተሻገሩ ቁጥር መቀሱን አልኮል በነካ ጨርቅ ይጠርጋሉ። በመጀመሪያ የሞተውንና የታመመውን፣ ቀጥሎ እርስ በርሱ የሚፋተገውን ያወጣሉ። መሃሉ ተከፍቶ ንፋስ እንዲገባው ነው፣ ንፋስ ከገባ ቅጠሉ ቶሎ ይደርቃል። የሚቆርጡት ወደ ውጭ ከሚያይ ቡቃያ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብለው፣ አዝመም አድርገው ነው። ውሃ እንዳይቋጥር። ክረምት ሊገባ ሲል ከአንድ ሦስተኛው በላይ አትቁረጪ ብለውኛል።

ከመጋጠሚያው በታች የወጣች አንዲት ረጅም ቀንበጥ ነበረችኝ። እንዴት ያለች ጎበዝ እያልኩ ደስ ትለኝ ነበር። የታችኛው የዱር ሥር ልጅ ናት፣ ምግቡን ትበላለች እንጂ የእናቴን አበባ አታወጣም አሉኝ። በመቀስ ሳይሆን አፈሩን ገልጠው ከመነሻዋ ገንጥለው አወጧት፣ ከተቆረጠች መልሳ ትበቅላለችና። ዩሪያውንም አስቆሙኝ። ዝናብ ላይ ዩሪያ ሲጨመር ቅጠሉ ለስላሳ ይሆናል፣ ክሽክሽ የሚባለው ትንሽ ተባይና ሻጋታ ደግሞ ለስላሳ ነው የሚወዱት። በምትኩ በደንብ የተብላላ ፍግ ጥቂት አደረጉ፣ ከላይ የቡና ገለባ ጎዘጎዙበት። ገለባው ጠብታው አፈሩን እንዳያፈናጥር ይከላከላል። ግንዱን ግን እንዳይነካ አንድ ስንዝር ያህል ራቅ አድርገው ነው የበተኑት።

አንዱ ግንድ ሙሉ ለሙሉ የደረቀ መስሎኝ ንቀሉልኝ አልኳቸው። በጥፍራቸው ልጡን ጫር አደረጉት። ከውስጥ አረንጓዴ ታየ። «ይሄ በሕይወት አለ፣ አትቸኩይ» አሉኝ። እማዬ በጣም የምትወደው ቀዩ ነበር። ከዚያ በኋላ በመጣው እንቁጣጣሽ 4 አበባ ሰጠኝ፣ ፎቶውን ለእህቴ ልኬላት በስልክ አብረን አለቀስን። ዘንድሮ 8ቱም ቆመዋል። ነጠብጣቡ ጨርሶ ጠፋ አልላችሁም፣ ዝናብ ሲበዛ የታች ቅጠሎች ላይ ብቅ ይላል፣ ግን ወዲያው እለቅመዋለሁ፣ ግንዱም ራቁቱን አይቀርም።

ጋሼ ሰዓት ያከብራሉ። ቆሻሻውን ጠርገው ነው የሚሄዱት። ለትናንቱ ሥራ 800 ብር ነው የከፈልኳቸው፣ ለእኔ ከዚያ በላይ ነው የሚገባቸው። መድኃኒት ግዢ ብለው አያስቸኩሉም፣ መጀመሪያ ጽዳት ይላሉ። ደግሞ ጥያቄ አይሰለቻቸውም፣ አጠገባቸው ቆሜ ስጠይቅ መቀሱን ሰጥተው «ነይ አንቺ ቁረጪው፣ እኔ ልይ» ነው የሚሉት። ጋሼ፣ ልጅዎ ይህን ታነብልዎ ይሆናል፣ እጅዎን ይባርከው፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

ስልካቸውን እዚህ አልለጥፍም፣ አይወዱም። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እነግራቸውና አገናኛችኋለሁ። የሚሠሩት ከሀዋሳ ሳይወጡ ነው፣ እሑድ አይሠሩም። አሁን ደግሞ ሁሉም የሚፈልጋቸው ሰዓት ስለሆነ ሰኔ እስኪጋመስ አትጠብቁ። ትናንት ከተገረዘው ጤነኛውን፣ የእርሳስ ውፍረት ያለውን መርጠው 14 ቁራጭ በላስቲክ ተክለውልኛል። ከያዙ ከቀዩ ለሁለት ሰው እሰጣለሁ፣ ቀድሞ ለጻፈልኝ።