የ1949ኙን የፌንደር ፕሮቶታይፕ ኮፒ ሞከርኩት
የቴሌካስተር (የፌንደር ኤሌክትሪክ ጊታር) ወዳጆች ይሄ ለናንተ ነው። የፌንደር መስራች ሊዮ ፌንደር ካሊፎርኒያ ፉለርተን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1949 የሰራት የቴሌካስተር የመጀመሪያዋ ሙከራ (ፕሮቶታይፕ) አለች አይደል፣ እኔ የያዝኩት አንድ ጊታር ሰሪ እሷን አይቶ የሰራውን ኮፒ ነው (ኦሪጅናሏንማ ማን ያስነካናል 😂)። ቦዲው ፓይን ነው፣ ቀላል እንጨት ስለሆነ ትከሻ አይጎዳም ግን ቶሎ ይሰረጎዳል። መጀመሪያ አይን የሚይዘው ጭንቅላቱ ነው፣ የክሮቹ መቃኛዎች በዚህም በዚያም ሶስት ሶስት ናቸው፣ ጠበብ ያለ ስለሆነ ስኔክሄድ (የእባብ ጭንቅላት) ይሉታል፣ ስድስቱም ባንድ ወገን የተሰለፉት ከዛ በኋላ ነው፣ እውነቱን ለመናገር የኋለኛው ያምራል። ኔኩ (አንገቱ) በብሎን የታሰረ ሆኖ ውስጡ ትረስ ሮድ የሚባል ብረት የለውም፣ ስለዚህ ከጎበጠ ማስተካከያ የለህም ማለት ነው፣ ለዛም ይመስለኛል ወፍራም ያደረገው፣ ትንሽ እጅ ያለው ሰው ይቸገራል። ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው) አንድ ብቻ፣ ብሪጁ (ክሮቹ ቦዲው ላይ የሚያርፉበት) ጋር ሰያፍ ሆኖ የተቀመጠ። ድምፁ ጥርት ያለ፣ ሹል፣ ከባንድ መሀል ወጥቶ የሚሰማ። ለስላሳ ነገር ልጫወት ካልክ ግን ቶን ቁልፉን (የድምፁን ሹልነት የሚቀንሰውን) ዝቅ ከማድረግ ሌላ አማራጭ የለም። ለስቱዲዮ አሪፍ ናት፣ አንድ ጊታር ብቻ የምትገዛ ከሆነ ግን መደበኛዋን ቴሌካስተር ውሰድ።