ለአርሊንግተን የምግብ ድጋፍ ማዕከል ሠራተኞችና በጎ ፈቃደኞች የቀረበ ምስጋና

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በቨርጂኒያ ግዛት፣ በአርሊንግተን ካውንቲ የሚገኘውንና በአጭሩ «አፋክ» የሚባለውን የምግብ ድጋፍ ማዕከል በአደባባይ ለማመስገን፣ እንዲሁም ጓዳው ባዶ ሆኖ ሳለ ይሉኝታ ይዞት ቤቱ ለተቀመጠ ወገኔ ለመጠቆም ነው። ማዕከሉ ከ1988 ጀምሮ ለተቸገሩ የካውንቲው ነዋሪዎች በየሳምንቱ አስቤዛ በነጻ ሲሰጥ የኖረ ነው። እኔ ደጁን የረገጥሁት ባለፈው መከራ ጊዜ ነው፤ ያ ደጅ ባይኖር ኖሮ ያንን ክረምት ልጆቼን ምን አብልቼ እንደማሳልፍ ማሰብ እንኳ ይከብደኛል።

የምሠራው በአንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ካፍቴሪያ ውስጥ ሲሆን፣ የቀጠረኝ ግን መንግሥት ሳይሆን ኮንትራቱን የወሰደው ድርጅት ነው። የመንግሥት በጀት ሳይጸድቅ ቀርቶ ከኦክቶበር 1 እስከ ኖቬምበር 12 ቀን 2025 ድረስ ለ43 ቀናት ሥራ ሲዘጋ እኛም ያለ ደመወዝ ተበተንን። መሥሪያ ቤቶቹ ሲከፈቱ የመንግሥት ሠራተኞች ውዝፋቸው ተከፈላቸው፤ እንደ እኔ በኮንትራት ለሚሠራው ግን ያለፈው ደመወዝ አለፈ፣ የቤት ኪራዩ ብቻ ተጠራቅሞ ጠበቀን። ባለቤቴ ታክሲ የሚሠራው ሬገን ናሽናል ኤርፖርት ነው። ከተዘጋው መሥሪያ ቤት በሥራ ጉዳይ የሚጓዝ ሰው ጠፍቶ ሳለ፣ በኖቬምበር መጀመሪያ ደግሞ በ40 ኤርፖርቶች በረራ እንዲቀነስ ታዘዘና የእርሱም ወረፋ የማይንቀሳቀስ ሆነ። በዚያው ወር በመላ አገሪቱ ወደ 42 ሚሊዮን ሰው የሚረዳበት፣ ፉድ ስታምፕ የሚባለው የመንግሥት የምግብ ድጎማ በወቅቱ ሳይከፈል ቀርቷል። እንግዲህ ሽሮና ዘይት የምንበዳደራቸው ጎረቤቶቻችን ሳይቀሩ እንደ እኛው እጃቸው አጠረ።

ወደ አፋክ ከመድረሴ በፊት የገጠመኝን ሳልናገር ባልፍ የምስጋናዬ ልክ አይታወቅም። ስሙን የማልጠራው አንድ ቢሮ ከቀጣሪዬ ደብዳቤ እንዳመጣ አዘዘኝ። ቀጣሪዬ ስልክ የማያነሣው ሥራው በመዘጋቱ እንደሆነ፣ እኔም እዚያ የቆምሁት በዚሁ ምክንያት እንደሆነ ባስረዳ፣ ከመስታወቱ ወዲያ የተቀመጠችው ሠራተኛ ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሁሉ እየሰማ «መኪና ግን አላችሁ አይደል?» አለችኝ። ያ መኪና ታክሲው ነው። እርሱን ሸጠን በማግስቱ ምን ልንበላ ኖሯል?

ከዚህ ይልቅ ያንገበገበኝ ግን የራሳችን ሰዎች በሚያስተናግዱበት አንድ የእርዳታ ዝግጅት ላይ ያየሁት ነው። ከረጢቱን ከመስጠታቸው በፊት እያንዳንዳችንን ከባነሩ ሥር እያቆሙ ፎቶግራፍ ያነሡን ነበር። ትልቋ ልጄ የክፍል ጓደኛዋን እናት ከአስተናጋጆቹ መካከል ስታይ የጃኬቷን ኮፍያ እስከ አፍንጫዋ ስባ ከጀርባዬ ተሸሸገች። ቀኝህ የምትሰጠውን ግራህ አይወቅ እየተባልን ያደግን ሰዎች ይህንን ከየት እንዳመጣነው አይገባኝም። ቤት ገብቼ ስከፍተው ከረጢቱ ውስጥ የነበረው አብዛኛው ነገር ቀኑ ያለፈበት የቆርቆሮ ሾርባ ነበር።

አፋክ የሄድሁት አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ስለወተወተችኝ ነው። በር ላይ የተቀበለኝ ወጣት መታወቂያዬንና አድራሻዬ ያለበትን የመብራት ሂሳብ ተመለከተ፣ በቤት ውስጥ ስንት ሰዎች እንደሆንን ጠየቀ፣ መዘገበኝ፣ ይኸው ነው። ለምን እንደቸገረን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። አትክልቱ ትኩስ ነው፣ ዳቦው ለስላሳ ነው፣ እንቁላሉና ወተቱ እኔ ራሴ በደኅናው ጊዜ ከምገዛው የሚያንስ አይደለም። የማትፈልጊው ነገር ካለ እንድትናገሪ ይነግሩሻል፤ የማትበይውን አሸክመው አይልኩሽም።

የነቢያት ጾም በገባበት ሳምንት የሆነውን ግን ዕድሜ ልኬን አልረሳውም። ነጭ ፀጉራቸውን ወደ ኋላ ያሰሩ፣ ሽርጥ የታጠቁ አንዲት አሜሪካዊት አረጋዊት በበጎ ፈቃድ ያስተናግዱ ነበር። በረዶ የያዘውን ዶሮ ሲዘረጉልኝ እጄ ዘገየ፤ በችግር ጊዜ የተሰጠኝን መመለስ ነውር መስሎ ስለታየኝ ዝም ብዬ ልቀበላቸው ነበር። እርሳቸው ግን አንገቴ ላይ ያለውን ማዕተብ አዩና «ጾም ገባ እንዴ?» ሲሉ ጠየቁኝ። አዎን ስላቸው ዶሮውንም እንቁላሉንም ወደ ቦታው መልሰው በምትኩ ምስር፣ የደረቀ ባቄላ፣ ጥቅል ጎመን፣ ሽንኩርትና የኦቾሎኒ ቅቤ ሞሉልኝ። ወተቱን ካነሡ በኋላ እጃቸውን ገታ አድርገው «ትንንሾቹስ? እነርሱም ይጾማሉ?» አሉኝ። ታናሹ ልጄ ገና 4 ዓመቱ ነውና ወተቱ ከከረጢቱ ገባ። የንስሐ አባቴ ቢሆኑ ከዚህ አስተካክለው አይጠይቁኝም ነበር። ይህንን ሁሉ የተማሩት ሌሎች ሐበሾችን ሲያስተናግዱ እየጠየቁ እንደሆነ በኋላ አጫውተውኛል። ሰው የሚሰጠውን ምግብ ብቻ ሳይሆን የሚቀበለውን ሰው እንዲህ ሲያጠና ከዚያ በፊት አላየሁም።

ገናችን ጃንዋሪ 7 እንደሚውል ነግሬያቸው ስለነበር ከበዓሉ በፊት ባለው ሳምንት ስሄድ ገና ከሩቅ በእጃቸው ጠቀሱኝና ሙሉ ዶሮ ሰጡኝ። የፈረንጅ ዶሮ ቢሆንም በሎሚና በጨው አሽቼ፣ 12 ብልት አውጥቼለት፣ እናቴ ከአገር ቤት በላከችልኝ በርበሬ ወጥ ሠራሁበት። ለእኚህ እናት እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ ለልጆቻቸውና ለልጅ ልጆቻቸው ይትረፍ።

አፋክን የሚያቆመው የአካባቢው ሰው መሆኑን ያወቅሁት ደጋግሜ ስሄድ ነው። በኖቬምበር ወር የስካውት ልጆች በየቤቱ ዞረው የታሸገ ምግብ ይሰበስባሉ፤ በጓሯቸው አትክልት የሚያለሙ ነዋሪዎች ከምርታቸው ያካፍላሉ፤ ሌሎች ደግሞ በጅምላ የመጣውን እህል በትንንሽ ከረጢት ሲሞሉ ይውላሉ። ባለቤቴ የኤርፖርቱ ሥራ ከተመለሰ ወዲህ በዕረፍት ቀኑ ከነዚህ ከረጢት ሞይዎች ጋር ይቆማል። ችግሩም የእኛ ቤት ብቻ አይደለም። የዋሽንግተንን ከተማና በዙሪያዋ ያሉትን የሜሪላንድና የቨርጂኒያ አካባቢዎች የሚያገለግለው ካፒታል ኤሪያ ፉድ ባንክ በ2024 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ ከአካባቢው ነዋሪ 37 በመቶው በቂ ምግብ የማግኘት ዋስትና አልነበረውም። በዚያ ቁጥር ውስጥ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ከጎናችን የሚቆሙ፣ ሰርግ ላይ አምረው የምናያቸው የእኛው ሰዎች እንዳሉ አልጠራጠርም።

ስለዚህ በእድር፣ በጽዋ ማኅበርና በሰንበቴ የምትሰባሰቡ ወገኖቼን የምለምነው አለኝ። ከምታዋጡት ላይ ጥቂት ቀንሳችሁ እንዲህ ላሉ ማዕከላት ስጡ። ገንዘብ ብትሰጡ በጅምላ ስለሚገዙበት እናንተ ከሱቅ ከምትገዙት ይልቅ ብዙ ቤት ይደርሳል፤ በዓይነት ከሆነ ደግሞ ፋብሪካ ያሸገው ምስርና ሽምብራ ለጾመኛ ቤት ትልቅ ነገር ነው። ስትሰጡም፣ እባካችሁ፣ ካሜራውን ቤት ተዉት።

የተቸገራችሁ ደግሞ ሂዱ፤ ደግሜ እላለሁ፣ አትፈሩ፣ ሂዱ። አፋክ የሚያገለግለው የአርሊንግተን ነዋሪዎችን ስለሆነ መታወቂያና አድራሻችሁን የሚያሳይ ወረቀት ያዙ፤ የሚሠሩበትን ሰዓትም አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ከአርሊንግተን ውጭ የምትኖሩ 211 ብትደውሉ በአቅራቢያችሁ ያለውን የምግብ ማከፋፈያ ይነግሯችኋል፤ እንግሊዝኛ የሚከብዳችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ። ጠንካራ ከረጢት መያዝም አትርሱ፣ ድንችና ጎመኑ ይከብዳል። ብቻዋን መግባት የሚያሳፍራት እናት ካለች ትንገረኝ፤ እኔ አብሬያት ሄጄ እሰለፋለሁ።