አንድ የዲኤንኤስ መቀየሪያ ስክሪፕት፦ «ተሳክቷል» ለማለት የሚቸኩል

ብዙ ሰርቨር የሚያስተዳድር ሰው የዲኤንኤስ (የኢንተርኔት ስሞችን ወደ አይፒ ቁጥር የሚተረጉም አገልግሎት) አድራሻ በተቀየረ ቁጥር እያንዳንዱ ማሽን ላይ ገብቶ ያንኑ መስመር መጻፍ ይሰለቸዋል፤ ይህ በነጻ የሚሰራጭ፣ አርባ መስመር ገደማ ያለው የባሽ (የሊኑክስ ትእዛዝ ቋንቋ) ስክሪፕትም የተጻፈው ያንን ድካም ለመቀነስ ነው። በሩት (በሙሉ የአስተዳዳሪ) መብት ይጀመራል፣ ሁለት የአይፒ አድራሻዎች ይቀበላል፣ የዲኤንኤስ አድራሻዎች የሚጻፉበትን፣ ሪዞልቭ ዶት ኮንፍ የተባለውን ፋይል ቀኑን በያዘ ስም ለመጠባበቂያ ይገለብጣል፣ ከዚያም አሮጌዎቹን የኔምሰርቨር መስመሮች በአዲሶቹ ተክቶ በአረንጓዴ ቀለም «በተሳካ ሁኔታ ተቀይሯል» ይላል። እኔ በሦስት ሰርቨሮች ላይ ሞክሬዋለሁ።

ፋይሉ በእጅ በተጻፈበት የቆየ ዴቢያን (የሊኑክስ ዓይነት) ላይ እንከን አላገኘሁበትም። እንዲያውም 1.1.1.1 ማለት ሲገባኝ 1.1.1 ብዬ ብሳሳት ፋይሉን ሳይነካ አቁሞኛል።

ችግሩ የታየው ኡቡንቱ 22.04 በተባለው ሌላ የሊኑክስ ዓይነት ላይ ነው። እዚያ ሪዞልቭ ዶት ኮንፍ ራሱን የቻለ ፋይል ሳይሆን፣ ሲስተምዲ ሪዞልቭድ የተባለው ስም ፈቺ ፕሮግራም ወደሚያዘጋጀውና 127.0.0.53 የሚል፣ ማሽኑን ራሱን የሚያመለክት አድራሻ ወደያዘ ሌላ ፋይል የሚያመለክት ሊንክ ነው። ስክሪፕቱ መስመሮቹን የሚቀይረው በሴድ ትእዛዝ ሲሆን፣ ሴድ ደግሞ ካልተነገረው በቀር አዲስ ፋይል ጽፎ በአሮጌው ቦታ ስለሚያስቀምጥ ሊንኩ ተራ ፋይል ሆኖ ቀረ። የኢንተርኔት ስሞች ይፈቱ (ወደ አይፒ አድራሻ ይለወጡ) ስለነበር መጀመሪያ ምንም አልጠረጠርኩም፤ ነገር ግን ሪዞልቭድ በቪፒኤኑ (ወደ ውስጥ ኔትወርክ በሚያስገባው የተመሰጠረ መስመር) በኩል ወደ ሌላ ዲኤንኤስ ይልካቸው የነበሩት የውስጥ ኔትወርክ ስሞች በሙሉ የማይታወቁ ሆኑ። ጥፋቱን ቪፒኤኑ ላይ ስፈልግ ግማሽ ሰዓት ካባከንኩ በኋላ ነው የማውጫውን ዝርዝር አውጥቼ፣ ከፋይሉ ስም ቀጥሎ ይታይ የነበረው ቀስት መጥፋቱን ያየሁት። ወደ ነበረበት ልመልሰው ስል ደግሞ መጠባበቂያውም አላዳነኝም፤ ስክሪፕቱ የገለበጠው የፋይሉን ይዘት እንጂ ሊንኩን አልነበረምና በእጄ መልሼ መሥራት ግድ ሆነብኝ።

ሦስተኛው ሰርቨር አድራሻውን ከዲኤችሲፒ (ለማሽኖች አድራሻ በራሱ ከሚያድል አገልግሎት) የሚወስድ ስለነበር፣ እንደገና ሲነሳ የዲኤችሲፒው ፕሮግራም ፋይሉን በራሱ አድራሻ ጽፎበት የስክሪፕቱ ሥራ ጠፋ። ለዚህ ስክሪፕቱ ያዘጋጀው አማራጭ ፋይሉን በቻትር ትእዛዝ መቆለፍ ነው፤ ይህን አልመክርም። ከወራት በኋላ ያንን ፋይል ለማስተካከል የሚመጣ ሰው፣ ሩት ሆኖ ሳለ አይፈቀድልህም ሲባል ምክንያቱን በቀላሉ አያገኘውም።

ከሁሉ ይልቅ ያስገረመኝ ግን የመጨረሻው ፍተሻ ነው። ስክሪፕቱ ሥራው መሳካቱን የሚያረጋግጠው ወደ 8.8.8.8 ፒንግ (ሌላው ማሽን መልስ ይሰጥ እንደሆነ የሚፈትሽ መልእክት) በመላክ ነው፤ በአይፒ አድራሻ የሚላክ ፒንግ ደግሞ ዲኤንኤስን ጨርሶ አይጠይቅም። ስለዚህ ሆን ብዬ ምንም አገልግሎት የማይሰጥ አድራሻ በመጀመሪያው መስመር ላይ ባስገባም አረንጓዴው መልእክት ከመውጣት አልቀረም። ስሞቹም ቢሆኑ መፈታታቸው አልቀረም፤ ጂሊብሲ የተባለው የሊኑክስ መሠረታዊ ላይብረሪ አድራሻዎቹን በተጻፉበት ቅደም ተከተል ስለሚሞክርና ሌላ ካልተባለ መልስ ለማግኘት 5 ሴኮንድ ስለሚጠብቅ፣ እያንዳንዱ ስም ሁለተኛው አድራሻ ተጠይቆ እስኪገኝ ድረስ ያን ያህል ይዘገይ ነበር። ሰርቨሩ ያዘገመው በሌላ ምክንያት ይመስል ነበር።

አሁን የምጠቀመው ሁለት ቦታ ላይ አርሜው ነው፦ ፋይሉ ሊንክ ሆኖ ሲገኝ ምንም ሳይነካ ያቆማል፣ ፒንጉም በጌትኤንት ትእዛዝ ተተክቶ አንድ የውጭና አንድ የውስጥ ስም ያስፈታል። በእጅ የተጻፈ ፋይል ላላቸው ሰርቨሮች በዚህ መልኩ ይበቃኛል፤ የኡቡንቱዎቹን አድራሻ ግን የምቀይረው በኔትፕላን (በኡቡንቱ የኔትወርክ ማስተካከያ) ፋይል ውስጥ ነው።