ለእጅ ሥራ ጊታር ነት፦ አጥንት ወይስ ፕላስቲክ?

ሦስት ጓደኞቼ ከዋንዛ እንጨት ኤሌክትሪክ ጊታር እየሠሩ ነው። ሦስቱም መጨረሻው ላይ ሲደርሱ አንድ ጥያቄ ይዘው ደወሉልኝ፦ ነቱ ከምን ይሁን? የብሎን ነት አይደለም። አንገቱ ጫፍ ላይ፣ ክሮቹ ወደ መቃኛው ሲያልፉ የሚያርፉባት ትንሿ ቁራጭ ናት።

መልሴ አጥንት ነው። በገንዘቤ የተማርኩት ስለሆነ ከዋጋው ልጀምር።

የመጀመሪያውን ፕላስቲክ በ400 ብር ገዛሁ። ሁለት ወር ሳይሞላ ቀጭኑ ክር ነቱ ላይ የሚያርፍበትን ቦይ በላው። ጣት ሳላሳርፍ ስመታው ፍሬቱን፣ ማለትም አንገቱ ላይ በአግድም የተተከለውን ቀጭን ብረት፣ እየነካ ይንዘረዘራል። ሌላ ገዛሁ፤ ሌላ 400። ሦስተኛውን «የከብት አጥንት» ብለው በ1,100 ብር ሸጡልኝ። ቤት ገብቼ ሞረድ ሳሳርፍበት ፍርፋሪው እየተጠቀለለ ወጣ። ይኸውም ፕላስቲክ! 1,900 ብር ወጣ፤ እጄ ላይ ያለው ግን ሦስት ፕላስቲክ ነው። በጣም ተናደድኩ።

እውነተኛ አጥንት ሲሞረድ እንደ ዱቄት ይበናል፤ የተቃጠለ ፀጉርም ይሸታል። ሱቅ ውስጥ ደግሞ መርፌ በላይተር አግላችሁ ከሥር፣ በማይታየው በኩል ንኩት። ከቀለጠ ፕላስቲክ ነው። ሻጩ አይሆንም ካለ ትታችሁ ውጡ።

አራተኛውን አልገዛሁም። ሉካንዳ ሄጄ የበሬ ቅልጥም ለመንኩ፤ በነጻ ሰጡኝ። መቅኑን አውጥቼ በሳሙና ውሃ ቀቀልኩት፤ ከዚያ ጥላ ውስጥ ለሳምንታት አደረቅኩት። ቅባቱ በደንብ ካልወጣ ኋላ ቢጫ ይሆናል። የመጋዝ ምላጭ 150፣ ብርጭቆ ወረቀት 120፣ በጠቅላላ 270 ብር። ከአንዱ ቅልጥም አምስት ነት ወጣልኝ። ስትቆርጡና ስትሞርዱ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፤ አቧራው ለሳንባ ጥሩ አይደለም።

ፕላስቲክ ለመሞረድ ይቀላል፤ ያ እውነት ነው። ነሐስም አለ፤ ያምራል፣ ግን በእጅ ለሚሠራ ሰው ያደክማል።

ስለ ድምፅ ብዙ ይወራል። ጣታችሁ ፍሬት ላይ ካረፈ በኋላ የነቱ ዓይነት ለውጥ አያመጣም፤ ልዩነት ካለም ክፍት ክር ላይ ነው። እኔ አጥንትን የምወደው በቅኝቱ ነው። ቦዩ ከለሰለሰ ክሩ ተጎትቶ ሲለቀቅ ወደ ቦታው ይመለሳል። ቦዩ ውስጥ የመጻፊያ እርሳስ ዱቄት ቀባ አድርጉ።

የቦይ ሞረድ ስብስብ ከገዛሁት እንጨት በላይ ይጠይቃል። ለወፍራሞቹ ክሮች የተጠቀለለ አሮጌ ክር እንደ መጋዝ እያመላለሳችሁ ቦዩን ማስተካከል ትችላላችሁ። ቀጫጭኖቹ ግን ትዕግሥት ይፈልጋሉ። ክሩን በሁለተኛውና በሦስተኛው ፍሬት መካከል ተጫኑት፤ ከመጀመሪያው ፍሬት በላይ የቀረው ክፍተት ከወረቀት ውፍረት የማይበልጥ ከሆነ መሞረዱን አቁሙ። እኔ አንዱን ቦይ አልፌ ቆረጥኩት። የአጥንቱን ዱቄት ሞልቼ ሱፐር ግሉ ጠብ አደረግኩበትና እንደገና ቆረጥኩት፤ እስከ ዛሬ ይዟል። ነቱን ስትለጥፉ ግን ሁለት ጠብታ ሙጫ ይበቃል። እኔ አብዝቼ፣ ሁለተኛውን ፕላስቲክ ስነቅል የአንገቱን እንጨት ቦጭቄዋለሁ።

ከአምስቱ አንዱ የእኔ ጊታር ላይ ነው። ሦስቱን ለጓደኞቼ አስቀምጫለሁ፤ መርፌያቸውን ይዘው ይምጡ።