ዚፑ ወደ ጀርባ የዞረው ቦርሳ ለሸዋ ሮቢት መንገድ ይሆናል ወይ?

ስለዚ ቦርሳ የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ አንዴ ልጻፈውና ይለይለት ብዬ ነው። ያ ስትታዘሉት ዚፑ ከጀርባችሁ ጋር ተጣብቆ ከውጪ የማይታየው፣ ሻጮቹ "ሌባ አይከፍተውም" የሚሉት የላፕቶፕ ቦርሳ ነው። መርካቶ 2,600 ብለውኝ ተከራክሬ በ2,200 ወሰድኩት፣ ማርኩን ብነግራችሁም አይጠቅማችሁም፣ አንዱን ቦርሳ በተለያየ ስም ነው የሚሸጡት። አዲስ አበባ ካለው ላምበረት መናኸሪያ ተነስቼ ሸዋ ሮቢት ድረስ እናትና አባቴ ጋ ስመላለስ የምይዘው እሱን ነው፣ ታናሽ ወንድሜም ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ስለሚማር ላፕቶፑን የሚይዝበት ተመሳሳዩን ገዛሁለት። ባጭሩ ግዙት ነው የምለው፣ ግን ሻጩ በሚነግራችሁ ምክንያት አይደለም።

ሻጩ መጀመሪያ የሚያሳያችሁ ዚፑ ላይ ያለውን የቁጥር ቁልፍ ነው። እሱን እርሱት። ባለ ሶስት ቁጥር ማለት ከ000 እስከ 999 ያለው 1,000 አማራጭ ነው፣ ጊዜ ያገኘ ሰው እየሞከረ ይደርስበታል። ደሞ ቁልፉን መንካት ራሱ ላያስፈልገው ይችላል፣ እንደዚ አይነት የፕላስቲክ ዚፕ መሃሉን በእስክሪብቶ ጫፍ ሲወጉት ይከፈላል፣ እቃው ከወጣ በኋላ የዚፑን እጀታ ከነቁልፉ ወዲያና ወዲህ ሲጎትቱት መልሶ ይገጥማል፣ ባለቤቱ ቤቱ ገብቶ እስኪከፍተው ድረስ ምንም አያውቅም። ቁልፍ አለው ብሎ ላፕቶፕ ያለበትን ሻንጣ ፖርቶመጋላ ላይ አስጭኖ እንቅልፍ መተኛት ስለዚ አይሆንም።

ቦርሳውን ቦርሳ ያደረገው የዚፑ ቦታ ነው። ላምበረትን የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ገና ከታክሲ ሳትወርዱ አንዱ ተሸካሚ ሻንጣችሁን ይይዛል፣ አንዱ ረዳት "ደብረ ብርሃን የሞላ!" እያለ በክንዳችሁ ይጎትታል፣ በዛ ግፊያ ውስጥ ከኋላ ማን እንደቆመ ማየት አይቻልም። በዚ ቦርሳ ከኋላ የሚመጣ እጅ የሚያገኘው ወፍራም ጨርቅ ብቻ ነው። ምላጭ አይቆርጠውም የሚባለውን ግን እኔ አልቀበልም፣ ውስጡ ስፖንጅ ስላለው በቀላሉ አይበሳም እንጂ ጨርቅ ጨርቅ ነው።

ለኛ መንገድ ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ግን ሻጩ ያላሰበው ነገር ነው፣ የአየሩ ነገር። ደብረ ብርሃን ከባህር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ነው፣ ጣርማ በር ከዛም ከፍ ይላል፣ ጉሙና ብርዱ አጥንት ይገባል፣ ስለዚ ሰው ሁሉ ጃኬት ደርቦ፣ ጋቢ ተከናንቦ፣ ስልኩንና ገንዘቡን ጃኬቱ ኪስ ከቶ ነው የሚሳፈረው። መኪናው ከጣርማ በር ዋሻ ወጥቶ ቁልቁለቱን ወደ ደብረ ሲና ሲጀምር ሙቀቱ ይመጣል፣ ሸዋ ሮቢት ሲደርስማ ቆላ ነው፣ በዛ መሃል ሁሉም ጃኬቱን ያወልቅና ወይ ወንበሩ ላይ ያንጠለጥለዋል ወይ እግሩ ስር ያደርገዋል። ከዛ ደብረ ሲና ላይ መኪናው ይቆማል፣ ቆሎና ሙዝ ሻጮች መስኮቱን ይከባሉ፣ ግማሹ ይወርዳል፣ ግማሹ ይወጣል፣ ጃኬቱ ከነኪሱ ወንበር ላይ ቀርቷል። በዚ መስመር ስልኬ ጠፋ ሲሉ የሰማኋቸው ሰዎች አብዛኞቹ ታሪካቸው እንደዚ ነው፣ የሰለጠነ ሌባ እንኳን አላስፈለገም። እኔ ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ምንም አላስቀምጥም፣ ዋናው ዋናው እቃ ቦርሳው ውስጥ፣ ቦርሳው ጭኔ ላይ ዚፑ ወደ ሆዴ ዞሮ፣ ሙቀት መጣ ብርድ መጣ እሱ አይወልቅም። የእጅ ስልክም ቢሆን መኪናው ቆሞ መስኮት ተከፍቶ እያለ ባታወጡት ጥሩ ነው።

ችግሩን ደሞ ልንገራችሁ። ተቀምጣችሁ ሰው በበዛበት መኪና ውስጥ ቶሎ ከፍታችሁ የሆነ ነገር ማውጣት ይከብዳል፣ ትርፍ የተጫነ ቀንማ ጭራሽ አይሞከርም። የትራንስፖርትና የምሳ ብር ለብቻው የፊት ኪስ ይያዝ፣ መታወቂያም እንደዛው፣ ኬላ ላይ ውረዱ ተብሎ ስትፈተሹ ሰው ሁሉ እያየ ቦርሳ ከፍቶ መበርበር ጥሩ አይደለም። ዝናብ አይገባውም የሚሉትም ለካፊያ ነው፣ የክረምት ዝናብ በዚፑ በኩል ይገባል፣ ላፕቶፑን ወፍራም ፌስታል ውስጥ አድርጉት። ጎኑ ላይ ያለችው የቻርጅ ቀዳዳ ፓወር ባንክ ውስጡ ከሌለ ምንም ናት።

ጥሬ ብር በብዛት ለሚይዝ ሰው ይሄንን ቦርሳ አልመክርም። እማዬ የማሾና የሽንኩርት ሽያጭ ብር ይዛ ስትንቀሳቀስ መቀነቷ ውስጥ ጠቅልላ ነው የምትታጠቀው፣ እሷ ሳታውቅ የሚነካው የለም፣ ከቦርሳዬ መቶ እጅ ይሻላል። ለወንዶቹ ልብስ ሰፊ ጋ ሄዶ ሱሪ ውስጥ በኩል ኪስ ማስለጠፍ ነው፣ ከቦርሳው ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

ፖርቶመጋላ ላይ ለሚጫነው እቃ ደሞ ቦርሳው ምንም አያደርግላችሁም። እሱን እዛው ቆሞ ሲታሰር ማየት ነው፣ የመኪናውን ታርጋ በስልክ ፎቶ ማንሳት ነው፣ ደብረ ብርሃንና ደብረ ሲና ላይ ሰው ሲወርድ አብራችሁ ወርዳችሁ የማን እቃ እንደወረደ ማየት ነው። የጤፍ ማዳበሪያ ሁሉ አንድ አይነት ነው፣ ረዳቱም ክፋት ሳይኖረው የናንተን ለሌላ ሊሰጥ ይችላል፣ በማርከር ስም ጻፉበት፣ ቀይ ጨርቅ እሰሩበት። ወንድሜ አንዴ የሰው ሻንጣ ይዞ ሊሄድ ከነበረ ሰው እጅ የራሱን ያስመለሰው ባሰረው ጨርቅ ነው።

ከመውጣታችሁ በፊት *#06# ደውሉና የስልኩን መለያ ቁጥር ጻፉት፣ ወረቀቱ ቤት ይቅር። ስልኩ ከጠፋ የማንንም ስልክ ተውሳችሁ ኢትዮ ቴሌኮም 994 ደውሉና ሲሙን አዘጉ፣ ቴሌብርም የባንክ አፕም እዛው ላይ ነው፣ ንግድ ባንክ ከሆናችሁ 951 አለ። ደሞ መንገዱ ሰላም መሆኑን ቀድማችሁ እዛ ላለ ሰው ደውሉ፣ በጠዋት ተነሱ፣ ማታ መንገድ ላይ አትሁኑ።

ልትገዙ ስትሄዱ ባዶውን አትዩት፣ ላፕቶፕና ሁለት ልብስ ከታችሁበት ታዘሉት፣ ዚፑ ሲሞላ ከጀርባችሁ የሚርቅ ከሆነ ሌላ ጠይቁ። የማንገቻውን ስፌት ሳብ አርጋችሁ እዩ፣ የወንድሜ መጀመሪያ የተበጠሰው እዛ ጋ ነው።