ስም የሌለው የዓባይ ማዶ ሳይክል አከራይ

ቤቱ ስም የለውም። ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ቆርቆሮ በር ላይ «ሳይክል ይከራያል» ተብሎ በቀለም ተጽፏል። በቃ።

ያገኘሁት ጊዮርጊስ አካባቢ ወዳለው ቢሮዬ የምሄድበት መንገድ ተቆፍሮ የተዘጋ ሰሞን ነው። ባጃጁ ሁሉ በውስጥ ለውስጥ ኮብልስቶን ይዞራል፤ ሒሳቡም እንደ ሾፌሩ ፊት ነው። አንድ ቀን ሦስት ባጃጅ ቀይሬ የ2፡30ን ስብሰባ 3፡10 ደረስኩበት። አለቃዬ ምንም አላለም፣ ሰዓቱን ብቻ አየት አደረገ።

በማግስቱ ሳይክል ፍለጋ ወጣሁ። ኮሌጅ ከጨረስኩ ወዲህ ነድቼ አላውቅም። ይህንኑ ለአከራዩ ልጅ ብነግረው፣ «እናቴ፣ የባሕር ዳር ሰው ሳይክል ይረሳል እንዴ?» አለኝ። 38 ዓመቴ ነው። «እናቴ» ያለኝን ይቅር ብየዋለሁ።

ለቀሚስ የምትመች፣ መሀሏ ዝቅ ያለች ሳይክል አወጣልኝ። ጎማዋን በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አድርጎ ነፋት። ፍሬኗን ጨብጦ ወደፊት ሲገፋት የኋላው አልያዘም። ሌላ ቦታ ቢሆን «ቀስ ብለሽ ንጂ» ተብዬ ነበር የምሸኘው። እሱ ግን «እንዲህማ አልሰጥሽም» ብሎ ሽቦውን በፒንሳ ስቦ አጠበቀው። እስኪጨርስ ቆሜ ጠበቅኩ፤ ቤቱን የወደድኩት ያኔ ነው።

አዲሱን የዓባይ ድልድይ በግንቦት 2016 ከተመረቀ ጀምሮ የማውቀው በባጃጅ ነው። 380 ሜትር መሆኑን የነገረኝ ጉልበቴ ነው። ለሳይክል የራሱ መስመር ስላለው መኪና አያሳቅቅም፤ ከጣና በኩል የሚመጣው ነፋስ ግን ነጠላ ያስጥላል። ቁፋሮው ጋ ስደርስ ወርጄ ገፋሁ። ባጃጅ የማታልፍበት ጠርዝ ለሳይክል ይበቃል። በ25 ደቂቃ ቢሮ ገባሁ፤ ላቤን ለመጥረግ ጊዜ ተርፎኝ።

ቅሬታም አለኝ። ቁልፍ አይሰጡም፣ ሰንሰለት የገዛሁት በራሴ ነው። መታወቂያም ያስይዛሉ፤ ባንክ ሄጄ «መታወቂያ?» ስባል ያለው እነሱ ጋ ነው። ከ1፡30 በፊት ደግሞ አይከፍቱም። የቀኑ ኪራይ 150 ብር ነው፣ ሳምንት ለሚይዝ ይቀንሳሉ።

መንገዱ ረቡዕ ተከፈተ። ሳይክሏን ልመልስ ሄድኩ።

«እስከ ዓርብ ከፍለሻል እኮ» አለኝ።

ይዣት ተመለስኩ።